ከበሩ ወዲያ ያለው ገጽ

ነገሩ የጀመረው ረቡዕ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሰዓቱን የማስታውሰው የአስር ሶላት አዛን ገና ማለቁ ስለነበረ ነው። በኮሌጁ የመምህራን ክፍል ብቻዬን ተቀምጬ፣ በማግስቱ የማቀርበውን ጽሑፍ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ ከመጀመሪያው አንሥቼ እያነበብኩ ነበር። የቀረኝ ነገር አልነበረም። ነጠላ ሰረዝ ለመልቀም ብቻ ነበር የማነበው።

በሩ ተከፈተና አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ገባች። ውጭ አገር አድጋ ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ ሐርጌሳ የተመለሰች ሶማሊት ናት። ስትስቅ ከግቢው በር ይሰማል። እኔ ድምፄ የማይሰማ ሰው ስለሆንኩ ይመስለኛል የምትወደኝ።

«አባዮ!» አለችኝ፤ እዚህ አገር ሴት ለሴት «እህቴ» የሚባባሉበት ቃል ነው። «አንድ ነገር አምጥቼልሻለሁ። ከውጭ የመጣ የመጻሕፍት ካርቶን ስፈታ የአንቺን ገጣሚ አገኘኋት።»

ወፍራም መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። በአንዲት ዘመናዊ አሜሪካዊት ገጣሚ ሥራዎች ላይ ምሁራን የጻፉት ሂስ ስብስብ ነው፤ ግጥሞቹም ሙሉ ለሙሉ አብረው ታትመዋል። የእኔም ጽሑፍ በዚያችው ገጣሚ፣ በአንዲት ግጥሟ ላይ ነበር።

«ጽሑፍሽን ገና አላነበብኩትም፤ ዛሬ ማታ» አለች ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እየመለሰች። «ግን ነገ አንድ ነገር ነው የምጠብቀው። ያንን የኩሽናውን ጩኸት አንቺ ስታነቢው መስማት! አንቺ! ወላሂ ቪዲዮ እቀርጽሻለሁ።»

እየሳቀች ወጣች። እኔም ፈገግ ብዬ ሸኘኋት፤ ሰው ሲያናግረኝ ፈገግ ማለት ልማዴ ነው።

የምን ጩኸት?

ያቺን ግጥም በቃሌ አውቃታለሁ። ኩሽና የለባትም። ከኩሽናው በር ላይ ነው የምታበቃው። አንዲት ሴት አባቷ ከሞተ በኋላ ወደ አደገችበት ቤት ትመለሳለች። ኮሪደሩን ቀስ ብላ ታልፋለች፣ በግድግዳው ሥር የተደረደሩትን ጫማዎች አንድ በአንድ ታያለች፣ ኩሽናው በር ላይ ትደርሳለች፣ እጇን እጀታው ላይ ታሳርፋለች። አራት ነጥብ። አለቀ። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ መጀመሪያ ያነበብኳት ቀን ክፍል ውስጥ አልቅሼ ነበር። በክፍል እጄን አውጥቼ የማላውቅ፣ የማውቀውን መልስ እንኳ ዋጥ የማደርግ ልጅ ነበርኩ። አንዲት ታላቅ ገጣሚ በሩን ሳትከፍት ስትቀር ሳይ፣ ዝም ማለትም ንግግር ነው ያለችኝ መሰለኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን በእሷ ላይ ጻፍኩ። ከወሎ ወደ ሐርጌሳ ስመጣም ከልብሶቼ መሃል አጣጥፌ ያመጣሁት ግጥሞቿን የተማርንበትን የተጠረዘ ፎቶኮፒ ነው። የነገው ጽሑፌ ርዕስ «ያልተከፈተው በር» ነው።

መጽሐፉን ከፈትኩ። ግጥሟን ለማግኘት ጊዜ አልወሰደብኝም። ኮሪደሩ አለ። ጫማዎቹ አሉ። እጇ እጀታው ላይ አረፈ፤ አራት ነጥብ፤ ገጹም እዚያው አለቀ። እፎይ ብዬ ነበር ማለት እችላለሁ።

ከዚያ ገጹን ገለጥኩ።

በሩ ተከፍቷል።

ከጀርባው ጥቅጥቅ ብሎ የታተመ አንድ ገጽ ሙሉ ግጥም አለ። ልጅቱ ገብታ እናቷን ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጣ ታገኛታለች፤ ትጮህባታለች። የልጅነቷን ሁሉ፣ አባቷ ሳለ ያልተባለውን ሁሉ ታወጣዋለች። እናቲቱም አትሸነፍም፤ ትመልሳለች፣ ትሰድባለች፣ መሃል ላይ ትስቃለች። መጨረሻ ላይ ሁለቱም ድምፃቸው ዘግቶ ከአንድ ሳህን ዳቦ ይበላሉ። በዚያ ግጥም ውስጥ ዝም ያለ ሰው የለም።

 መጀመሪያ ያሰብኩት የማይረባ ነገር ነው፤ ሌላ ግጥም በስሕተት ተጣብቆ ይሆናል አልኩ። የገጹን ቁጥር አየሁ፣ ማውጫውን አየሁ፣ ከኋላ ያሉትን የምሁራን ጽሑፎች አየሁ። ሁሉም ስለዚያ ጩኸት ነው የሚከራከሩት። ገጣሚዋ በዝምታ አትታወቅም። ሂስ የሚሰነዘርባት ማቆሚያውን አታውቅም፣ አብዝታ ትናገራለች እየተባለ ነው።

ምን እንደተፈጠረ ለመረዳት ብዙ መመራመር አላስፈለገም። እኔ በተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ መጽሐፍ የለም፤ ያለው ፎቶኮፒ ነው። አንዱ ዓመት ለተከታዩ ያወርሳል፤ የቀለሙ ድምቀት በየዓመቱ ይቀንሳል፤ ጠርዙ እየተቆረጠ የገጹ ቁጥር ይጠፋል። አንድ ቀን አንድ ሰው፣ በሁለቱም ፊት የታተመ ጥራዝ ኮፒ ቤት ወስዶ የፊት የፊቱን ብቻ አስነሥቷል። ከዚያ ወዲህ ሁላችንም የተማርነው የዚያን ኮፒ ኮፒ ነው። ከግጥሞቹ አንዳንዶቹ በድንገት ይቆሙብን ነበር። አንድ ተማሪ ስለዚህ ጠይቆ መምህራችን «ዘመናዊ ግጥም እንዲህ ነው፤ ሁሉን አይነግርህም» ሲለው፣ ሁላችንም ደብተራችን ላይ ጽፈነዋል። እኔ አስምሬበታለሁ።

ከሁሉም የባሰው የግርጌ ማስታወሻ ቁጥር አሥራ አንድ ነው። ኢንተርኔት ላይ የአንዲት ምሁር ጽሑፍ አጭር መግቢያ ብቻ ማንበብ ችዬ ነበር፤ ሙሉው ተቆልፏል። እሷ በዚህ ግጥም ውስጥ ስላለው «የኩሽና ጠብ» ታነሣለች። እኔም በትሕትና፣ በተጠነቀቀ እንግሊዝኛ፣ «ጸሐፊዋ ይህን ግጥም ከሌላ ጋር ያምታታችው ይመስላል» ብዬ አርሜአታለሁ። ዕድሜዋን በሙሉ ይህችን ገጣሚ ያጠናችን ሴት! ጽሑፉን ደግሞ ለትምህርት ክፍሉ መምህራን ሁሉ ከልኬው ሦስት ቀን ሆኖታል።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጽሑፌን አቀርባለሁ፤ ከዚያ ከረዳትነት ወደ መምህርነት ማለፌ ይወሰናል። አንድ ዓመት ሙሉ የሌሎችን ፈተና ሳርም፣ የተማሪ ስም ስጠራ የቆየሁት ለዚህች ጠዋት ነው። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ ጢማቸውን በሂና የሚያቀሉ ሽማግሌ፣ አንድ የማይለውጡት ሥርዓት አላቸው። በእሳቸው ሴሚናር ማንም ስለ ግጥም ከመናገሩ በፊት ግጥሙን ጮክ ብሎ ያሰማል። እዚህ አገር የሰው ግጥም የሚያሰማ ሰው መጀመሪያ የማን እንደሆነ ይናገራል፤ ከዚያ ሳይቆርጥ እስከ መጨረሻው ይዘልቃል። ባለፈው ጊዜ አንድ ወጣት መምህር የሶማሊኛ ግጥም ሲያሰማ አንድ ስንኝ ዘለለ። ኃላፊው በዱላቸው ወለሉን መታ መታ አድርገው «አንድ ቀርቷል። ባለቤቱ እዚህ የለም፤ ማን ይከራከርለት?» አሉት። ልጁ ከመጀመሪያው ጀመረ። እኔ የቀረብኝ አንድ ስንኝ አልነበረም።

መጽሐፉን በሻርፔ ጠቅልዬ በባጃጅ ወደ ቤት ሄድኩ። በየትኛው መንገድ እንደሄድን አላውቅም፤ ሾፌሩ ሰፈሬ ኮድቡር መድረሳችንን ሁለት ጊዜ ነገረኝ።

የምኖረው ከአክስቴ ጋር ነው። አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ በተከራየነው ቤት የፊት ክፍል ውስጥ መኪናዋን ተክላ ለሰፈሩ ሴቶች ድራ የሚሉትን ሰፊ ቀሚስና አባያ ትሰፋለች። ለነገ የምለብሰውንም ቡናማ አባያ እየሰፋችልኝ ነበር።

«ምነው? ፊትሽ አመድ መስሏል» አለችኝ እግሯን ከመርገጫው ሳታነሣ።

ነገርኳት። ስለ ግጥም ነግሬአት ስለማላውቅ ብዙ ማብራራት ነበረብኝ።  ስጨርስ መነጽሯን አወለቀች።

«እስኪ ልረዳሽ። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ስትቀመጡ፣ ያ ሁሉ ተማሪ፣ ያ ሁሉ መምህር፣ ወረቀቱን ዞር አድርጎ የሚያይ አንድ ሰው ጠፋ?»

«ኮፒው ጀርባው ባዶ ነው፣ አክስቴ። ዞር ብናደርገውም...»

«ባዶ ከሆነማ ለምን ባዶ ሆነ አይባልም? እኔ ፊደል ያልቆጠርኩት ሴትዮ ጨርቅ ስገዛ ጀርባውን ሳላይ ከሱቁ አልወጣም።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ደግሞ ማን ያውቃል? ያቺ ሳቂታዋ ብቻ ናት። በአላህ ይሁንብሽ፣ ዝም በይ። ለሰፈሩ ሁሉ ‹ልጄ መምህር ልትሆን ነው› ብያለሁ። ዝም ማለት እንደሆን አንቺን ማን ያስተምርሻል!»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር።

ክፍሌ ገብቼ መጽሐፉን እንደገና ከፈትኩ፤ እዚያ ውስጥ ያገኘሁት ነገር ግን ከመጀመሪያው ይልቅ አስደነገጠኝ። አንድ ሃያሲ፣ ግጥሙ በሩ ላይ ቢያበቃ ይሻል ነበር፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ትርፍ ነው ብሎ ይከራከራል። የእኔ ሐሳብ ማለት ነው! እሱ ግን ሁሉንም አንብቦ ነው። መውጫ ቀዳዳዬ ይኸው ነበር። ኮምፒዩተሬን ከፍቼ ከመጀመሪያው አንቀጽ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር አስገባሁ። «ግጥሙ ከበሩ ወዲያ ቢቀጥልም፣ ይህ ጽሑፍ እጀታው ላይ ያረፈችው እጅ ላይ መቆምን ይመርጣል።» የግርጌ ማስታወሻ አሥራ አንድን ሰረዝኩ። የተላከላቸው የድሮው ረቂቅ ነው፣ ይቅርታ፣ ማለት ይበቃል። አንድ ጊዜ አነበብኩት። ከጽሑፉ ሁሉ ያማረው ዓረፍተ ነገር እሱ ሆነ። እንዲህ ዓይነት ውሸት በዚህ ቅልጥፍና ይወጣኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ከመግሪብ ሶላት በኋላ ለድሮው መምህሬ በኢንተርኔት ደወልኩ። ግጥሟን ያስተማረን እሱ ነው፤ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል። በጽሑፌ መጀመሪያ ላይ አመስግኜዋለሁ። የደወልኩት ምናልባት ያቺን ዓረፍተ ነገር እንዲመርቅልኝ ነበር።

«አሃ! የበሯ ልጅ! ነገ ናት አይደል?» አለኝ።

«መምህር፣ ግጥሟ ጀርባ አላት።»

«ምን አላት?»

«ጀርባ። የወረቀቱ ጀርባ። ግጥሙ አላለቀም ነበር። በሩ ይከፈታል።»

 «ሌላ እትም ይሆናላ» አለ። «ገጣሚዎች ኋላ ላይ ይጨምራሉ።»

«ከመጀመሪያው እትም እንዳለ የተወሰደ ነው፤ መጽሐፉ ላይ ተጽፏል።»

«እስኪ አንብቢልኝ።»

አነበብኩለት። በዝግታ ጀመርኩ፤ ግን ያ ጩኸት በሹክሹክታ አይነበብም። ልጅቱ እናቷን የምትጠይቅበት ቦታ ላይ ስደርስ ድምፄ ሳልፈቅድለት ከፍ አለ። መጋረጃው ተገለጠና አክስቴ መቀሷን እንደያዘች ብቅ አለች። «ከማን ጋር ነው የምትጣዪው?» እንድትሄድ በእጄ ምልክት ሰጠኋት፤ አልሄደችም፤ መዝጊያውን ተደግፋ እስከ መጨረሻው ቆመች። እንግሊዝኛ አታውቅም።

 ስጨርስ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት።

«እኔም ከመምህሬ ነው የተቀበልኩት» አለ በመጨረሻ። «ያንኑ ወረቀት። እሱም ‹ዝምታዋን ልብ በል› ብሎኛል። እኔም ስንቱን ልጅ ‹ዝምታዋን ልብ በሉ› ስል ኖርኩ።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ምን ልትዪ ነው ነገ?»

ዓረፍተ ነገሯን አነበብኩለት።

«ጥሩ ናት» አለ። «ጥሩ ናት። ታወጣሻለች። እኔንም ታወጣኛለች።» ከዚያ በሌላ ድምፅ፣ እኔ በማላውቀው የሽማግሌ ድምፅ፣ «ሌላ ነገር የምትዪ ከሆነ ግን እባክሽ የእኔን ስም አታንሺ» አለና ዘጋው።

እሱን እንዲህ ሲለምን እሰማለሁ ብዬ አልጠበቅሁም። ስልኩን እንደያዝኩ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቀረሁ። አክስቴ አሁንም መዝጊያው ላይ ነበረች።

«የሱ ነገር አልገባኝም» አለች። «አሁን ያነበብሽው ግን ያ የቀረው ነው?»

«አዎ።»

«ይሄንን የሚያህል ነገር ነው የቀረው?» መቀሷን ኪሷ ውስጥ ከተተች። «ያ ረቢ። እኔ አንድ መስመር፣ ሁለት መስመር መስሎኝ ነበር።» ወደ መኪናዋ ተመለሰች። ዝም በይ የሚለውን አልደገመችም፤ ተናገሪም አላለችኝም።

ያን ምሽት የቆጨኝ ሥራው አልነበረም፤ ወይም ሥራው ብቻ አልነበረም። ስንት ዓመት ከጎኔ ናት ያልኳት ሴት እኔን አትመስልም ነበር። ለፍርሃቴ ምስክር አድርጌ አቁሜያት ነበር፤ እሷ ግን ከእኔ ወረቀት በስተጀርባ ሆና እየጮኸች ኖራለች። የኃላፊው ጥያቄ መጣብኝ፤ ባለቤቱ እዚህ የለም፤ ማን ይከራከርለት?

በማግስቱ ጠዋት ከሱብሒ ሶላት በኋላ አልተኛሁም። ኮምፒዩተሬን ከፍቼ ያቺን ቆንጆ ዓረፍተ ነገር አጠፋኋት። የላክሁላቸው ላይ ያለ ስለሆነ የግርጌ ማስታወሻ አሥራ አንድን መልሼ በቦታው አስገባሁት። ከጽሑፉ መጀመሪያ ግን የመምህሬን ስም አወጣሁ፤ እሱ የለመነኝን መጠበቅ እችላለሁ፤ ስሕተቱም በእሱ ቦታ ብሆን እኔም የምሠራው ነበር።

አክስቴ አባያውን አለበሰችኝ። ትከሻውን ጎተት፣ እጅጌውን ሳብ አደረገችና «ቀና በይ» አለችኝ። 

ሁለት ሰዓት ላይ ኮሌጁ አጠገብ ያለው ኮፒ ቤት ሲከፈት የመጀመሪያዋ ደንበኛ እኔ ነበርኩ። መጽሐፉን ግጥሟ ላይ ከፍቼ አስቀመጥኩለት።

«አሥራ ሁለት ኮፒ» አልኩት ባለሱቁን በተሰባበረ ሶማሊኛዬ። «እዚህ ጀምረህ፣ እስከዚህ። በሁለቱም ፊት።»

«በሁለቱም ፊት ያስቸግራል፤ ማሽኑ ይይዘዋል። የፊት የፊቱን ላንሣልሽ?»

«በሁለቱም ፊት» አልኩ። ድምፄ ለራሴ እንኳ ጮኸብኝ። ሰውየው ቀና ብሎ አየኝ። ቆሜ እያንዳንዱን ወረቀት ሲወጣ ተቀብዬ ፊቱን አየሁ፣ አዙሬ ጀርባውን አየሁ። ሁለቱ ጀርባቸው ደብዝዞ ወጣ፤ እንዲደግማቸው አደረግሁ።

እዚያው ቆሜ ሳለ ስልኬ ነዘረ። መምህሬ ነበር። «የጀርባውን ገጽ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ» ይላል፤ ሌላ ቃል የለውም። አነሣሁና ላክሁለት። 

ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉም ተቀምጠው ነበር። ያቺ ባልደረባዬ ከፊት ወንበር ላይ ናት። ማታ ጽሑፌን ማንበቧን ከፊቷ አወቅሁ፤ አልሳቀችም፤ ስልኳንም ለቪዲዮ አላወጣችም። ወረቀቶቹን ለሁሉም አደልኩ። ኃላፊው በዱላቸው ወለሉን ነካ አደረጉና «ግጥሙን አሰሚን» አሉ።

የገጣሚዋን ስም ተናገርኩ። ከዚያ የፊቱን ገጽ አነበብኩ፤ ኮሪደሩን፣ ጫማዎቹን፣ እጀታው ላይ ያረፈችውን እጅ። እዚያ ላይ ቆምኩ። 

«እስከ ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ድረስ ግጥሙ እዚህ ያበቃል ብዬ አምን ነበር» አልኩ። «የላክሁላችሁን የጻፍኩት እንዲያ እያመንኩ ነው። በእጄ የነበረው ፎቶኮፒ የፊት የፊቱ ብቻ ነበር፤ የተቀረውን አልፈለግሁትም። የግርጌ ማስታወሻ አሥራ አንድ ላይ ግጥሙን ሙሉውን ያነበበችን ሴት ተሳስታለች ብያለሁ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

 ኃላፊው በሁለት እጃቸው ዱላቸውን ተደግፈው ያዩኛል። ፊታቸው ላይ ምንም ማንበብ አልቻልኩም።

«እባካችሁ ወረቀቱን አዙሩት» አልኩ። አሥራ ሁለቱ ወረቀቶች ሲዞሩ ሰማሁ። ከዚያ በሩን ከፍቼ፣ ልጅቱ እንደጮኸችው አድርጌ ጮክ ብዬ አነበብኩ።